የማትጮኸው ሙሽራ

ሻንሄ መንደር፣ ፋንግዠንግ
የጨረቃ አዲስ ዓመት ማግስት፣ 1988 እ.ኤ.አ.

ልጄ ሱዩን፣

እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጅሽ ኬንጂስ፣ አማትሽስ እንዴት ናቸው? እኛ ሰማይ ይመስገን አለን። አዲሱ ዓመት ጤናና ጥጋብ ይዞ ይግባላችሁ፤ የአማትሽንም ጉልበት ያጽናላቸው። እኚያ ሴትዮ ከጦርነቱ በኋላ ሜዳ ላይ የቀሩ ጃፓናዊት ናቸው እየተባሉ እዚህ መንደራችን ውስጥ ስንቱን አይተው ነው አገራቸው የገቡት። አንቺንም ምራታቸውን ይዘውሽ ሄዱ፤ እኛም በአንቺ በኩል ባሕር ማዶ ዘመድ አገኘን። በበዓሉ ዋዜማ ባሌ፣ ሦስተኛ አጎትሽ፣ የአባትሽን መቃብር በረዶ ጠርጎ ለሙታን የሚቃጠለውን ወረቀት አቃጠለልሽ። «የአጎቴ ልጅ ነው፣ ልጁም ሩቅ ናት፣ ከእኔ ሌላ ማን ያስበዋል?» ብሎ እያሳለ ወጣ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልግባ፤ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅበትም። ልጄን ያንፒንግን አንቺ አገናኝተሽ፣ ለጃፓን ገበሬ ድረሽ ከወሰድሻት ወራት አለፉ። የምትጽፍልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ደህና ነኝ፣ በረዶ ይጥላል፣ አታስቡ። ይቺ ልጅ ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ገዝታ ብትመለስ እንኳ ወሬዋ እስከ እራት አያልቅም ነበር። ምን ነካት?

የኮይቺን ፎቶ ያሳየሽን ዕለት ያልሽውን አልረሳሁም። «የቼሪ እርሻ አለው፣ እናቱን ይጦራል፣ ተቆጥቶ አያውቅም» አልሽ። አጎትሽ «ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ወይ ቡድሃ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ያጠራቅመዋል» ሲል ሁላችንም ሳቅን። አሁን ሳልስቅ እጠይቅሻለሁ፤ የሰውዬው ጠባይ እንዴት ነው? እኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው ከቁጣው ነው። ንዴቱ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ የሚወርድ ሰው ጥሩ ሰው ነው። ሳይወጣ የቀረ ንዴት ግን ጉበት ውስጥ ገብቶ እሳት ይሆናል።

የእሷን ጠባይ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ጡብ ፋብሪካው ውስጥ አለቃዋ ጓደኛዋን ሲሰድብ ጭልፋ ወርውራበት፣ በማግስቱ በሥጋ የተሞላ ሊጥ፣ ጂያኦዚ፣ ቀቅላ የወሰደችለት ልጅ ናት። አፏ ቢላ፣ ልቧ ቶፉ። እኔ ያን የአኩሪ አተር አይብ ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ የትኛው ቶፉ ቶሎ እንደሚፈርስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በዓይንሽ ያዢልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድሟ ሚስት አጭቷል፤ የልጅቷ ወገኖች ግን ሣር ክዳን ቤት ልጃችንን አንሰጥም ብለዋል። ለጣሪያው አማቻችን ትንሽ ቢረዳን ብለሽ አንሺላት። ቢከብዳት ግን ይቅር።

ሦስተኛ አክስትሽ፣ ጉዎ ሹቺን


ያማጋታ
ማርች 12፣ 1988

ለተከበሩ ሦስተኛ አክስቴ፣

በረዶው መስኮታችንን በደፈነበት በዚህ ወቅት ጤናዎ እንዴት ነው? የአጎቴስ? እኛ በእናንተ ጸሎት ደህና ነን። የአባቴን መቃብር ስላሰባችሁልኝ ካለሁበት ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ያንፒንግ ደህና ናት። ኮይቺ መልካም ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም። ገንዘቡን በፖስታው ውስጥ ያገኙታል፤ ለጣሪያው ብሎ ራሱ ቆጥሮ የሰጠኝ ነው።

እርስዎ ነገር ማድበስበስ ስለማይወዱ ስለ አንድ ትንሽ ጉዳይ እነግርዎታለሁ። ያልፋል፣ ደግሞም አልፏል። አማቷ እማማ ቶሜ ያንፒንግ ያጠበችውን ሩዝ ምንም ሳይሉ አንስተው እንደገና አጠቡት። ያንፒንግ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አጋጭታ በቻይንኛ ጮኸች። «እጄ ቆሻሻ ነው? ካልጣምኩዎ በአፍዎ አይነግሩኝም?» እኛ ዘንድ ቢሆን አማትየዋም ይጮሁ ነበር፤ ጎረቤት ገብቶ ይገላግል፣ ሁሉም አልቅሶ ማዕድ ይቀርብ ነበር። እዚህ ግን ማንም አልመለሰላትም። ኮይቺ ተነስቶ ወደ ትራክተሩ መጋዘን ሄደ። እማማ ቶሜ ሩዙን ጣዱ። ያንፒንግ መልስ እየጠበቀች መሀል ቤት ቆማ ቀረች።

በማግስቱ እኔ ተጠራሁ። ጣፋጭ ኬክ ይዤ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በእሷ ፈንታ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ቤቴ ወሰድኳትና አስተማርኳት። እዚህ አገር ሰው ሲናደድ «ሆዴ ቆመ» ይላል፤ ሙያው ግን የቆመውን ሆድ መልሶ አስቀምጦ ፈገግ ማለት ነው። ዋናው ቃል ጋማን ይባላል። ጋማን መቻል ነው፤ መራራውን ውጦ ፊትን አለማጥቆር። ኤንርዮ የሚባል ደግሞ አለ፤ ሲሰጡሽ «ይቅርብኝ» ማለት፣ ሲከፋሽም ሲያምሽም «ምንም አይደለም» ማለት። እነዚህን የያዘች ሙሽራ ትከበራለች፤ ያልያዘች ደግሞ እስክታረጅ እንግዳ ናት አልኳት።

እኔ ስመጣ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ አክስቴ። መንደሩ ሁሉ «ጯሂዋ» ይለኝ ነበር። ሱቅ ስገባ ዝም ይላሉ፤ ስወጣ ይስቃሉ። ብዙ አለቀስኩ። እሷን ከዚያ መራራ አድናታለሁ፤ ቃሌ ነው።

ዘመድዎ፣ ሱዩን
(እዚህ የሚጠሩኝ ኪዮኮ ብለው ነው)


ሻንሄ መንደር
አኩሪ አተር የምንዘራበት ሰሞን

ልጄ ሱዩን፣

ሰማይ ከክፉ ይሰውርሽ። ገንዘቡ ደርሷል፤ አማቻችንን እግዜር ይስጥልን በዪልኝ። ጣሪያው በቆርቆሮ ተመታ፤ ዝናብ ሲዘንብበት ሙሽሪት ትደነግጣለች እንጂ ቤቱስ ቤት ሆኗል።

ደብዳቤሽን ለአጎትሽ ሳነብለት ስለ ሳህኑ ሲሰማ ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰው። «ልጄ ናት! አላበላሸቻትም ጃፓን!» አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ መሀል ቤት ቆማ መልስ የጠበቀችው ነገር አንጀቴን በላው። ሰው ሰደበኝ ብሎ ይናደዳል፤ መልሶ የሚሰድበው ሲያጣ ግን ምን ይሆናል?

ያ ጋማን ያልሽው ቃል ለእኛም አዲስ አይደለም። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩን ዕለት መምህሩ የ«መቻል»ን ፊደል ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ከላይ የቢላን፣ ከሥር የልብን ምልክት አድርገው ነበር። «ልብሽ ላይ ቢላ ተቀምጦ ዝም ስትዪ፣ ያ መቻል ነው» አሉን። እኔ ያኔም «ለምን ቢላውን አላነሳውም?» ብዬ ክፍሉን አስቄያለሁ።

ግን እውነት ነው፤ ሙሽራ ትንሽ ሳትውጥ ትዳር አይጸናም። እኔም አማቴ ቤት ውጫለሁ፤ ብዙም ባይሆን። አንቺ ቤቱን ታውቂዋለሽ፣ እኔ አላውቀውም። እናትሽ ሱዩንን ስሚያት ብላሻለች በያት። የምትነግርሽን ሁሉ አድርጊ ብላሻለች በያት። አስታውሺ፤ ወንድሟ ገና ሠርጉን አልደገሰም፤ በዚህ መሀል ቂም ተይዞባት ብትመለስ የት እንገባለን?

ደግሞ ደብዳቤሽን በበረዶ አትጀምሪብኝ። የአየሩን ጠባይ በሬዲዮ እሰማለሁ፤ እኔ የጠየቅሁሽ የልጄን ነው።

ሦስተኛ አክስትሽ


ያማጋታ
ጁላይ 3፣ 1988

ለተከበሩ ሦስተኛ አክስቴ፣

ቼሪ የሚለቀምበት ወቅት አለቀ። ይቅርታ፣ በአየሩ አትጀምሪ ብለውኛል፤ እጄ ለምዶ ነው።

የምሥራች ልንገርዎ። ያንፒንግ አርግዛለች! አያት ልትሆኑ ነው። እማማ ቶሜ በደስታ ከሰፈሩ ቤተ መቅደስ የወሊድ ክታብ አምጥተው ወገቧ ላይ አሰሩላት።

ሌላም ደስታ አለ። መልእክትዎን ነገርኳት። «እናቴ እንዲህ አለች?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ «እሺ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ቤት ያየ ሰው ያቺው ልጅ ናት አይልም። ድምፅዋ አይሰማም። አማቷ ሩዙን ደግመው ቢያጥቡም ፈገግ ትላለች። ለቀማ ላይ የመንደሩ ሴቶች «የኪዮኮ ዘመድ እኮ እንደኛው ሆነች» ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተብዬ አላውቅም።

ባለፈው የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበን የአኩሪ አተሩን ሊጥ ለማብላላት አተሩን ስንቀቅል የፈላው ውኃ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። ቆዳዋ ወዲያው ተነሳ። አክስቴ፣ ቃል አልወጣትም! ጥርሷን ነክሳ፣ «ምንም አይደለም፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» አለች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «ይቺ ጋማን ታውቃለች» ስትል እኔ ነኝ የኮራሁት። ቁስሉ አሁን ድኗል።

ድሮ እንደምትስቀው ባትስቅም ረጋ ብላለች። ረጋ ማለት ደግሞ ለእርጉዝ ጥሩ ነው።

ሱዩን


ሻንሄ መንደር
ጎመን ለማኮምጠጥ ከመቆረጡ በፊት

ልጄ ሱዩን፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ለቤትሽም ሁሉ ሰላም ይሁን። ማርገዟን ስሰማ ቶፉውን ለገዛኝ ሁሉ ግማሽ እየጨመርኩ ስሰጥ ዋልኩ። አጎትሽ «ልትከስሪን ነው» አለ፤ እሱም ግን ለሰፈሩ ሁሉ ትንባሆ ሲያድል ነበር።

ማታ ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የፈላ ውኃ ክንዷ ላይ ፈሶ ዝም አለች? ያንፒንግ? ሕፃን እያለች ንብ ጣቷን ነድፋት መንደሩ ሁሉ ቤት የተቃጠለ መስሎት ውኃ ይዞ መጥቷል። አንቺ ኮራሁ ትያለሽ፤ እኔ ፈራሁ። ያልተሳደበች እንደሆነ ደግ፣ ስድቡን ትተወው። ያመማትን አመመኝ ሳትል ስትቀር ግን ማን ያውቅላታል? እኔ ስሚያት ያልኩት አማቷን ከመሳደብ እንድትታቀብ ብዬ ነው። «ኧረ ተቃጠልኩ» እንዳትል አይደለም!

አሁን ገንዘብ አልፈልግም። የወንድሟም ሠርግ በእኛው ዓሣማ ይደገሳል። የምፈልገው ድምፅዋን ነው። የወረዳው ፖስታ ቤት ስልክ አለው፤ በመኸር በዓል ዕለት እዚያ ከጠዋት ጀምሬ እቀመጣለሁ፣ ትደውልልኝ። ቁጥሩን ከጀርባው ጽፌዋለሁ።

ይህን ደግሞ ቃል በቃል አንብቢላት። ያንፒንግ፣ ልጄ፣ ስትወልጂ ጩኺ። እኔ አንቺን ስወልድ አባትሽን ሰድቤ፣ አያትሽን ሰድቤ፣ አዋላጇ ሳቅ አላስችል ብሏት ነበር። ጩኸት አጥንት ይከፍታል። ቁርጠቱ ሲጀምርሽ ቤቱን በጩኸት ሙዪው፤ የሚታዘብሽ ካለ እኔ ዕዳውን እከፍላለሁ። ይኸው ነው፤ አንብቢላት፣ ሱዩን።

ሦስተኛ አክስትሽ


ያማጋታ
ኖቬምበር 20፣ 1988

ለተከበሩ ሦስተኛ አክስቴ፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የአጎቴ ጤና እንዴት ነው? መድኃኒት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

በመኸር በዓል ስልክ ሳይደወል በመቅረቱ ከፍቶዎት እንደሆነ አውቃለሁ። በብርዱ እስኪመሽ መቀመጥዎን ከወንድሟ ደብዳቤ ሰማሁ፤ አፈርኩ። ስልኩ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ እማማ ቶሜ በሚቀመጡበት ነው። እሷ የእርስዎን ድምፅ ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ሲያዩዋት ሰዎቹ ምን በደልናት ይላሉ። ስለዚህ ስልኩ ይቅር አልኳት። እሷም «እሺ፣ ምንም አይደለም» አለች።

ያንን እንዳነብላት ያሉኝንም ለጊዜው አላነበብኩላትም። አይቆጡኝ። ልቧ ገና መርጋቱ ነው፤ እንዳይታወክ ፈርቼ ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፣ ከወለደች በኋላ አብረን አንብበን እንስቅበታለን።

ደግሞም እዚህ ሴት ስትወልድ አትጮህም። አማቴ ናቸው ይህን የነገሩኝ። እኔ ኬንጂን ስወልድ ፎጣ ነክሼ ነው የወለድኩት፤ ነርሷ ለአማቴ «ቻይናዊት አትመስልም» ስትላቸው ሰምቻለሁ። በሕይወቴ ከተመሰገንኩባቸው ቀናት አንዱ ነው። ለያንፒንግም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። ፎጣውንም እኔ ገዝቼላታለሁ፣ ለስላሳ ነው።

የምትወልደው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ከተማው ሆስፒታል ተመዝግባለች። ምንም አያስቡ።

ሱዩን


ሻንሄ መንደር
ከአዲስ ዓመት በፊት

ሱዩን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ያንፒንግም አልጻፈችም፤ ያቺ «ደህና ነኝ፣ በረዶ ይጥላል» እንኳ ቀረች።

ያላነበብሽላትን አንብቢላት። አሁኑኑ። ስለ ፎጣው የጻፍሽውን ካየሁ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። አጎትሽ «አትሟረቺ» ይለኛል። እሱም ግን ፖስተኛውን መንገድ ወጥቶ ነው የሚጠብቀው።

ደህና ከሆነች ደህና ናት በዪኝ። ካልሆነችም በዪኝ። ባዶ ፖስታ እንኳ ላኪ።

አክስትሽ


ያማጋታ
ማርች 9፣ 1989

ለተከበሩ ሦስተኛ አክስቴና አጎቴ፣

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት በዚህ ወቅት... አክስቴ፣ ከዚህ በላይ በአየሩ ልደበቅ አልችልም።

ያንፒንግ ሞታለች። ጃንዋሪ ውስጥ ነው፣ አዲስ ዓመታችሁ ሳይደርስ። ሕፃኗ ተርፋለች። ሴት ናት።

እስካሁን ያልጻፍኩት በዓሉን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው ደስታውን እንጂ ሐዘኑን አይነግሩትም፤ እርስዎም ያውቁታል፣ ለእኔም አባቴ ሲሞት ከከረመ በኋላ ነው የነገራችሁኝ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ እምቢ አለኝ።

የሆነውን ልንገርዎ። ጊዜዋ አልደረሰም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሆዷን አመማት፤ ማንም አላወቀም። በረዶ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ ስለነበር ኮይቺ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይጠርግ ነበር። እሷ ምሳ ሠራች፣ አቀረበች። እማማ ቶሜ ፊቷን አይተው «ገርጥተሻል፣ አመመሽ?» አሏት። «ምንም አይደለም» አለች። ዕቃውን አጥባ ክፍሏ ገባች። እማማ ቶሜ ሻይ ይዘውላት ሲገቡ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ፎጣው አፏ ውስጥ ነው። ፍራሹ በደም ርሷል።

ከቀትር በኋላ በረዶው በርትቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በረዶ ጠራጊው መኪና መጥቶ እስኪከፍት ብዙ ቆየ። ሆስፒታል ስትደርስ አትናገርም ነበር። እንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቆ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ሲፈስ ውሏል አሉን። ሐኪሙ «ሕመሙ ከባድ ነው፣ ማንም አይችለውም። ጠዋት መንገዱ ገና ሳይዘጋ ለምን አልተናገረችም?» አለ። ሕፃኗን በመስታወት ሳጥን ውስጥ አሞቋት፤ ዛሬ ጡጦ ትጠባለች።

ኮይቺ አላለቀሰም ብዬ አስቤ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትራክተሩ መጋዘን ገብቼ አየሁት፤ ማዳበሪያው ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እማማ ቶሜ ግን ጮኹ። በሰው ፊት፣ ለቅሶው ላይ፣ ደረታቸውን እየመቱ። «ምን ዓይነት ልጅ ናት! ለምን አልጮኸችም? እኔ ኮይቺን ስወልድ ጩኸቴ ወንዝ ማዶ ተሰምቶ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል! ጋማን ለክፉ ቃል ነው፣ ለክፉ ቀን ነው፣ ደም እየፈሰሰ ምን ጋማን አለ? ለዚህች ልጅ ዝም በዪ ያላት ማነው?» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ።

ከኮይቺ ቤት የተላከውን የሐዘን ገንዘብ በፖስታው ውስጥ ያገኙታል። እማማ ቶሜ ለሕፃኗ ስም የቻይናዋ አያቷ ታውጣላት ብለዋል። እየጠበቁ ናቸው።

ሱዩን


ሻንሄ መንደር
የሙታን መቃብር የሚጠረግበት ቀን

ሱዩን!

ሰላምታ የለኝም። ምርቃትም የለኝም።

ገንዘቡን መልሼዋለሁ፤ ልጄን አልሸጥኩም። አጎትሽ ደብዳቤውን ካነበብኩለት ጀምሮ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። እኔ ግን ግቢ ወጥቼ ጮህኩ። ጎረቤት መጥቶ ያዘኝ፤ ነክሼው ጮህኩ። የቶፉዬን ወፍጮ ድንጋይ ገፍቼ ጣልኩት። አሁን ጉሮሮዬ ቆስሎ ነው የምጽፍልሽ።

ማነው ዝም በዪ ያላት ሲሉ አንገትሽን ደፋሽ? «እኔ ነኝ» አትዪም? ያቺ የባዕድ አገር ባልቴት እንኳ ለልጄ ጮኸችላት! አንቺ፣ ከእኛ ቤት ጂያኦዚ በልተሽ ያደግሽው፣ ፎጣ ገዛሽላት! ለስላሳ ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ! ሰዎቹ ያልጠየቋትን አንቺ ጠየቅሻት። ሰዎቹ ለመቻል ያበጁለትን ልክ አንቺ ልክ አሳጣሽው፤ ጯሂዋ እንዳትባዪ ብለሽ። ያላነበብሽላት ወረቀቴ አሁንም አንቺ ጋ ነው? አውጥተሽ ለራስሽ አንብቢው።

እኔስ? እኔም ስሚያት ብያለሁ። ለቆርቆሮ ብዬ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቆርቆሮው ያንን ይነግረኛል። ራሴን ሳልሰድብ አንቺን አልሰደብኩም።

አሁን ስሚኝ። ነይ። ልጄን ይዘሽ ነይ፤ እንደ አገራቸው ልማድ አቃጥለው የሰጡሽን አመዷን በፖስታ እንዳትልኪ፣ በሰው እጅም እንዳትልኪ። ራስሽ ይዘሻት ግቢዬ ውስጥ ትቆሚያለሽ። እዚያ መሬት ላይ አትንበርከኪብኝ፣ እንደነሱ እጅ አትንሺብኝ። ትቆሚያለሽ። እኔ እጮህብሻለሁ። እሰድብሻለሁ፣ ፀጉርሽን እነጭ ይሆናል፣ ጎረቤት ይገላግለናል። አንቺም ጩኺብኝ፤ «ስሚያት ያልሽው አንቺ ነሽ» በዪኝ፣ እውነት ነው። ድምፃችን እስኪጠፋ። ከዚያ ያንፒንግን አብረን እንቀብራለን፣ ከዚያ እጥድና አበላሻለሁ፤ ትበያለሽ። የሕፃኗንም ስም ያን ቀን በአፌ እነግርሻለሁ፤ ይዘሽላት ትሄጃለሽ። ከሬሳ በላይ ሆኖ እንኳ ዘመድ እንዲህ ነው የሚታረቀው፤ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ካልመጣሽ ግን አልሰድብሽም። መቼም አልሰድብሽም። ያኔ ጨርሻለሁ ማለት ነው።

በመኸር በዓል እጠብቅሻለሁ።

ሦስተኛ አክስትሽ


ያማጋታ
ኦክቶበር 15፣ 1989

ለተከበሩ ሦስተኛ አክስቴና አጎቴ፣

የመኸር ቅጠል ተራራውን ባቀላበት በዚህ ወቅት ጤናችሁ እንዴት ነው? እኛ በእናንተ ጸሎት ደህና ነን።

በመኸር በዓል መገኘት ስላልቻልኩ ጥልቅ ይቅርታዬን አቀርባለሁ። የቼሪው ለቀማ ካለቀ በኋላ የሩዙ አጨዳ ተከተለ፤ ኬንጂም የትምህርት ቤት ፈተና ነበረበት። የጉዞ ፈቃዱም ጊዜ ይወስዳል። አንድ የሃርቢን ከተማ ነጋዴ ወደዚያ ስለሚሄድ ያንፒንግን በነጭ ጨርቅ አልብሼ፣ በእንጨት ሳጥን አድርጌ አደራ ሰጥቼዋለሁ። ታማኝ ሰው ነው።

አክስቴ፣ እውነቱን ልናገር። አንድ ጊዜ ትኬት ለመቁረጥ ጣቢያው ድረስ ሄጃለሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ የእርስዎ ግቢ ታየኝ። እርስዎ ሲጮሁ፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ እኔ መሀል ስቆም። ሰው ፊት ለፊቴ ሲጮህብኝ መቆም አልችልም አሁን፤ እንዴት እንደሚቻል ረስቼዋለሁ። ቢሰድቡኝ ፈገግ የምል ይመስለኛል። ያንን ፈገግታ እርስዎ እንዲያዩት አልፈለግሁም። ተመልሼ እራት ሠራሁ።

ሕፃኗ ጤነኛ ናት። ስም ቢጠበቅ ስለዘገየ፣ ምዝገባውም ስለማይጠብቅ ኮይቺ ሚዩኪ ብሏታል። ሌሊት ሌሊት በጣም ታለቅሳለች፤ እማማ ቶሜ «ተዉአት፣ ታልቅስ» እያሉ ነው የሚይዟት።

ለመቃብሩ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለመምጣት የተቻለኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

ሱዩን


ሻንሄ መንደር፣ ፋንግዠንግ ወረዳ
ኖቬምበር 30፣ 1989

ለተከበሩ ወይዘሮ ኪዮኮ፣

ብርዱ እየጠነከረ በመጣበት በዚህ ወቅት ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጅዎና አማትዎ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የላኩት ሳጥን በደህና ደርሶናል። ነጋዴው እንዳሉት ታማኝ ሰው ነው። ገንዘቡም ደርሶናል፤ ስለ ደግነትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ቀብሩ በሥርዓት ተፈጽሟል። ለሕፃኗ የወጣው ስም ያምራል።

ሥራ እንደሚበዛብዎ እንረዳለን። መንገዱ ሩቅ ነውና ለመምጣት አይድከሙ። መልስ ለመጻፍም አይቸገሩ። በዚህ በኩል ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም።

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ መልካም ጤና እንመኛለን።

አክባሪዎ፣
ጉዎ ሹቺን